ዘርዓ ያዕቆብን ማን ጻፈው? መልሱ ከጥያቄው ሲቀድም

ካምፓስ እያለን ዶርም ውስጥ ክርክር ሲነሳ የኔ የመጨረሻ ካርድ ዘርዓ ያዕቆብ ነበር። «እነ ዴካርት ሲፈላሰፉ እኛም ዋሻ ውስጥ የሚመራመር ሰው ነበረን» እል ነበር። አንድ ቀን አንዱ ልጅ «እሱን እኮ ጣሊያን ነው የጻፈው» አለኝ። ተናደድኩ። ማስረጃ ኖሮኝ ግን አይደለም፤ ሐተታውን ራሱ አላነበብኩትም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጽሐፉ አክሱም አካባቢ ተወልዶ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ ዋሻ ውስጥ የኖረ፣ ኋላም እንፍራዝ የተቀመጠ ሊቅ እንደጻፈው ይናገራል። ወደ አውሮፓ የላከው ግን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለአንትዋን ዳባዲ። እ.ኤ.አ. በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ «ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው» አለ። በ1976 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክሎድ ሰምነር «የለም፣ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው» ብለው ተከራከሩ። በ2013 አናይስ ዊዮን ወደ ጁስቶ መለሰችው።

ማስረጃው ብዙም ሳይለያይ መልሱ ለምን ይገለባበጣል? እኔ በምሠራበት ሙያ ሲስተም ሲወድቅ ሁለት ሰው አንድ ሎግ ያነባል። ዳታቤዙን አስቀድሞ የጠረጠረው ዳታቤዙን ያገኛል። ሎጉ ራሱ ደግሞ የሚመዘግበው አንድ ሰው «ይመዝገብ» ያለውን ብቻ ነው።

የኮንቲ ሮሲኒ ጥያቄ «በማን እጅ መጣ?» የሚል ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዳባዲ ዘንድ የደረሱት ሁለቱም ቅጂዎች ከጁስቶ የመጡ ናቸው፤ ጁስቶን የሚከስ የአንድ የካቶሊክ ቄስ ምስክርነትም አለ። ኮንቲ ሮሲኒ ኤርትራ ውስጥ የቅኝ ግዛት ባለሥልጣን ስለነበር ብቻ ይህን መጣል አይቻልም። እኔም ኮዱ በሙሉ ከአንድ አካውንት ቢገባ እጠረጥራለሁ።

ችግሩ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው፦ «እንዲህ ያለ ሐሳብ ከግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ጋር አይሄድም» የሚለው። ከየትኛው ሥነ ጽሑፍ ጋር? በእጃችን ያለው በአብዛኛው አድባራትና ገዳማት እየገለበጡ ያቆዩት ነው። ጾምንና ምንኩስናን የሚሞግት መጽሐፍ ለመገልበጥ ማን ብራና ያወጣል? አለመገኘቱ ስለ አሳቢዎቹ ከሚነግረን ይልቅ ስለ መዝገቡ የሚነግረን ሊበዛ ይችላል።

ሰምነር ደግሞ «ውስጡ የሚናገረው ማነው?» ብለው ጠየቁ። ጽሑፉን ከጁስቶ ደብዳቤዎች ጋር አስተያይተው ሁለት የተለያየ አእምሮ አገኙ። እኔም በደስታ ተቀበልኩት፤ በጣም በደስታ፣ ያ ነው ያስጠረጠረኝ። ጭምብል ያጠለቀ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ እንደሚያወራው እንዲያወራ ለምን እንጠብቃለን? ደግሞ «መዝገቡ ጎዶሎ ነው» የሚለው የኔ ክርክርም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። በእሱ ማንኛውንም ነገር መከላከል ይቻላል።

ከሁሉም የማከብረው የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን መንገድ ነው። መጀመሪያ ተጠራጠሩ፤ ኋላ መርምረው የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ወደሚለው ዞሩ። ትክክል ናቸው ማለቴ አይደለም። መልሳቸው ከጥያቄው በፊት አልተቆለፈም ነበር ማለቴ ነው።

ኮድ ከመጻፋችን በፊት ቴስቱን የምንጽፍበት አሠራር አለ። ታሪክ ስናነብም ይሠራል፦ ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ ምንድነው? የኔ ይኸው። ጁስቶ ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት የተጻፈ ቅጂ ከተገኘ ክርክሩ አለቀ። የሱ እጅ ያረፈበት፣ እየሰረዘ እየደለዘ የደረሰው ረቂቅ ከተገኘም አለቀ፤ ያኔ ዶርም የተናገርኩትን እመልሳለሁ። እስከዚያ ግን «የኛ ነው» ስል ከማስረጃው ይልቅ ፍላጎቴ እንደሚናገር አውቃለሁ።

ዘንድሮ መጽሐፉን በመጨረሻ አነበብኩት። ደራሲው፣ ማንም ይሁን፣ ሰዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሳይመረምሩ መቀበላቸው ያሳዝነዋል። እኔ ዶርም ውስጥ በሱ ስም ስምል የነበረው በትክክል እንደዚያ ነበር።