«ቃሌ»፣ ሐተታ እና የቃሊቲው ሽቦ

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ጭካኔው የታየኝ ግን አንድ አጭር ጽሑፍ ደጋግሜ ካነበብኩ በኋላ ነው። ጽሑፉ «ቃሌ» ይባላል፤ ጸሐፊዋ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ናቸው። የተጻፈው በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ነው። ጸሐፊዋ በዚያው ወር ተይዘው ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ገቡ። ያን ጊዜ የትንሽ ሕፃን እናት ነበሩ።

ስለዚህ ጽሑፍ በፖለቲካው በኩል ያልተባለ የለም። እኔ የማነሣው ሌላ ነገር ነው። ሰው እውነት ብሎ የያዘውን ነገር፣ ጠብ በሚያስነሣ ቦታ፣ እንዴት አድርጎ ይናገረዋል? መቼስ ዝም ይላል? ይህ ጥያቄ ለንስሐ አባት የሚቀርብ እንጂ ለሥነ ጽሑፍ ሐያሲ የሚተው አይመስልም። እኔ ለሁለቱም አቅርቤዋለሁ።

ነገሩን ለማያስታውስ አንባቢ በአጭሩ ላስታውስ። ወይዘሪት ብርቱካን ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ከሌሎች የቅንጅት መሪዎች ጋር ታሰሩ። የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸውና በሐምሌ 1999 በይቅርታ ተፈቱ። በመካከል በፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ የሚመራ የሽማግሎች ቡድን ነበረ። በ2001 ስዊድን አገር ሄደው ይቅርታው እንዴት እንደተገኘ ለተሰበሰበው ሰው ተናገሩ። ሲመለሱ ፖሊስ ጠራቸውና የተናገሩትን እንዲያስተባብሉ የሦስት ቀን ጊዜ ሰጣቸው። እሳቸውም በማስተባበል ፋንታ «ቃሌ»ን ጻፉ። ይቅርታው ተሰረዘና የዕድሜ ልክ ፍርዱ ጸና።

እንግዲህ ወደ ጽሑፉ። ጸሐፊዋ ቀድሞ ዳኛ ነበሩ። የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ ይለቀቁ ብለው ያዘዙት እሳቸው ነበሩ፤ ተከሳሹ ከችሎቱ እንደወጡ መልሰው መያዛቸውም የሚታወስ ነው። ይህ የዳኝነት እጅ በ«ቃሌ» ውስጥ ጎልቶ ይታያል። እርግማን የለበትም፤ ሙሾም የለበትም። ነገሩን በየፈርጁ ይለያል። ይቅርታ አልጠየቅሁም አላሉም፤ መፈረማቸውንም አልካዱም። ያሉት፣ የተፈረመው በሽማግሎች አግባቢነት በተካሄደ ድርድር ነው፤ ሒደቱ ከሕግ ሥርዓት ይልቅ ፖለቲካና ሽምግልና ነበረ ነው። ልዩነቷ የክር ያህል ቀጭን ናት። ጸሐፊዋ ወደ እስር ቤት የተመለሱት በዚያች ክር ላይ ቆመው ነው።

ችግሩ ክሩን የሚያይ አለመኖሩ ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት ቋንቋችን ይመስለኛል። «ይቅርታ» የምንለው ቃል ሦስት ሸክም ተሸክሞ ይኖራል። ሰው ረግጠን ይቅርታ እንላለን። የተጣላን ስንታረቅ ይቅር ለእግዚአብሔር እንባባላለን። ደግሞ ርዕሰ ብሔሩ በሕግ መሠረት ለተፈረደበት ሰው የሚሰጠው ይቅርታ አለ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ ቁጥር 395 ሥርዓቱን ደንግጎለት ነበር። በመጀመሪያው ጥፋት ይታመናል። በሁለተኛው ማን አጠፋ የሚለው ሆን ተብሎ ይታለፋል፤ ሽማግሌ የሚያስታርቀው በዚህ ነው። በሦስተኛው ጥፋቱ በፍርድ ተረጋግጦ ቅጣቱ ይነሣል። ታሳሪው ሁለተኛውን አስቦ ሲፈርም፣ አሳሪው ሦስተኛውን አንብቦ ይቀበላል፤ ቴሌቪዥን ተመልካቹ ደግሞ የመጀመሪያውን ይሰማል። ሦስቱም አንድ ወረቀት ይዘው ሦስት ነገር ያወራሉ። «ቃሌ» ይህን ውል ለመፍታት የተጻፈ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሒስ ብዬ ከተነሣሁ ግን ድክመቱንም መናገር አለብኝ። «ቃሌ» ችሎት በሌለበት ችሎት ፊት የቀረበ ክርክር ነው። ማስረጃ ለሚመዝን ጆሮ ተጽፎ፣ ውሳኔውን ጨርሶ ለተቀመጠ ጆሮ ደረሰ። ሁለተኛው ድክመት ከባድ ነው። ሽምግልና የሚቆመው በምሥጢር ላይ ነው፤ ሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር አደባባይ ከወጣ ነገ ሽማግሌ የሚገባበት ቤት አይገኝም። ጽሑፉ ይህን ክስ በቅጡ አይመልሰውም። የሽምግልናውን መኖር የገለጹት የሽምግልናውን ውጤት ሌላ ስም ስለተሰጠው ነው ብሎ መከራከር ይቻል ነበር። ይህን ክርክር እኔ ጨመርኩት እንጂ በጽሑፉ ውስጥ ተብራርቶ አላገኘሁትም።

በዚያን ጊዜ ይኸው ነገር አላስተኛ ብሎኝ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። «አባ፣ ለሰላም ሲባል እውነትን መዋጥ ኃጢአት ነው?» አልኳቸው። ብዙ ሳያስቡ፦ «ልጄ፣ የማይነገር እውነት አለ። ንስሐ የነገርከኝን እኔ ለማን እነግራለሁ? ግን አንድ ሰው መጥቶ ‹እንዲህ አላለም በልና ማልልኝ› ቢለኝ አልምልም። ዝም ማለትና መካድ አንድ አይደሉም» አሉኝ። ከዚያ ስለ ጤናዬ ጠይቀው ሸኙኝ።

የአባን ቃል ይዤ ወደ ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ተመለስኩ። ስለ እውነት፣ ስለ እምነትና ስለ አከራካሪ ንግግር ባገራችን ከተጻፈው ሁሉ የሚቀርበን እሱ ነው። የመጽሐፉን ደራሲነት በተመለከተ ያለውን ሙግት አውቃለሁ። ጽሑፉን በ1852 እ.ኤ.አ. አገኘሁት ያለው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ራሱ ጽፎታል ብለው ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ካመለከቱ ጀምሮ ክርክሩ አልበረደም፤ ክላውድ ሰምነር ደግሞ ለኢትዮጵያዊነቱ ተሟግተዋል። ለዛሬው ጉዳያችን የሚያስፈልገን የታሪኩ ባሕርይ ነው።

በመጽሐፉ እንደተተረከው ዘርዓ ያዕቆብ በ1592 ዓ.ም. አክሱም አጠገብ ተወለደ። መጻሕፍትን ሲያስተምር የፈረንጆቹን ትርጓሜም የግብጻውያኑንም ያቀርባል፤ አንዱን አጽድቆ ሌላውን አይኮንንም። በዚህ ምክንያት በሁለቱም ወገን ተጠላ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ሲያውጁ ጠላቱ ከሰሰውና፣ መዝሙረ ዳዊቱንና ጥቂት ወርቅ ይዞ ሸሸ። ተከዜ አካባቢ በዋሻ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። የጠየቀውን የጠየቀው እዚያ ነው፤ ሰው ሁሉ የኔ እምነት ብቻ እውነት ነው ሲል ማን ይፈርዳል ብሎ። ከዚያ እንፍራዝ ወርዶ አገባ፣ ልጅ ወለደ። ሰው ክርስቲያን ነው ሲለው ዝም ብሎ ኖረ። የልቡን የጻፈው በ68 ዓመቱ፣ ያውም ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ለምኖት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ይጠይቀኝ። ዘርዓ ያዕቆብን በዝምታው ጠቢብ ካልነው፣ ወይዘሪት ብርቱካንን ዝም ባለማለታቸው ጀግና ማለት እንዴት ይሆናል? የአባ ቃል የሚጠቅመን እዚህ ነው። ፈላስፋውን ሰው የሚጠይቀው አልነበረም፤ የተወው የገዛ ልቡን መግለጥ ብቻ ነው። ወይዘሪት ብርቱካን ግን የተጠየቁት ዝም እንዲሉ አልነበረም። የሆነው አልሆነም ብለው እንዲናገሩ ነበር። አንዱ ዝምታ ነው፤ ሌላው ማስተባበል ነው።

አሁን ወደ ቃሊቲ ልሂድ። በእነዚያ ዓመታት አንድ ዘመዴ እዚያ ታስሮ ነበር፤ ጉዳዩ ከፖለቲካ ጋር አይገናኝም። እሑድ እሑድ ምሳ ዕቃ ይዤ፣ በሳሪስ በኩል በታክሲ እሄድለታለሁ። ሽቦው ማዶ ሆኖ ጮክ ብሎ ያወራኛል፤ እኔም እጮኻለሁ፤ ግራና ቀኝ ያለው ሰው ሁሉ ስለሚጮህ። አንድ ቀን፦ «ጋሼ፣ እዚያ ውስጥ በሃይማኖት አትጣሉም?» አልኩት። ሳቀ። «በመጀመሪያው ወር ተጣልተን ጨረስን» አለኝ። «ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም ትከሻ ለትከሻ ነው የምንተኛው። አንድ ልጅ ቁርኣኑን ሲቀራ እኔ ዳዊቴን ዝቅ አድርጌ እደግማለሁ። መከራከር ያማረው ሰው መጀመሪያ የሌላውን ነገር ባለቤቱ ‹አዎ፣ እንዲህ ነው የማምነው› እስኪል ድረስ ይናገራል። ከዚያ መልስ ይሰጣል። አብዛኛው ሰው እዚያ ሳይደርስ ይደክመውና ይተኛል።»

ይህን የመሰለ የክርክር ሥርዓት ውጭ ባሉት ጉባኤዎቻችን አላየሁም። ቃሊቲ በኋላ ብዙ ዓይነት ሰው አስተናግዳለች። ጋዜጠኛ ርዕዮት ዓለሙ በ2003 ዓ.ም.፣ ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ገቡ። በ2004 የታሰሩት የሙስሊሙ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላትም እዚያ ከርመዋል። የማረሚያ ቤቱ ዞኖች ስምንት ናቸው፣ ዘጠነኛው ውጭ ያለው አገር ነው የሚለውን የታሳሪዎች ቀልድ ሰምተው ራሳቸውን «ዞን ዘጠኝ» ያሉ ወጣት ጸሐፊዎችም በ2006 ታሰሩ። ቀልዱ እውነት ከሆነ የዘመዴ የክርክር ሥርዓት ወደ ዘጠነኛው ዞን አልተሻገረም ማለት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ቦታ ደረስኩ። በመስከረም 2003 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከ21 ወራት እስር በኋላ፣ ወይዘሪት ብርቱካን ተፈቱ። ከእነዚህ ወራት የተወሰኑትን ያሳለፉት ብቻቸውን ተለይተው ነው። መንግሥት በድጋሚ ይቅርታ ጠይቀው፣ መጸጸታቸውን ገልጸው እንደተፈቱ አስታወቀ። የዚያን ዕለት ማታ እኔ በእህቴ ቤት፣ ቡና እየተጠጣ፣ «ከቃሏ ወጣች» አልኩ። ተረቱንም ጨመርኩበት፤ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ። እቴቴ ስኒዋን አስቀምጣ፦ «ልጅ ያልወለደ ሰው የሚተርተው ተረት ነው» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ጊዜ በመካከላችን ብርድ ገባ።

ዛሬ ሳስበው ተረቱን በተሳሳተ ቦታ ነው የተረትሁት። በሰንሰለት ውስጥ የተነገረ ቃል በነጻነት የተነገረውን አይሽርም። ይህን ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ሲል ደንግጎታል። ሃይማኖቶቹም ያውቁታል። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዶ ሦስት ጊዜ ተጠየቀ፤ መንጋውም ተሰጠው። በእስልምና በኩልም ዐማር ቢን ያሲር በሥቃይ ብዛት የካደው በአንደበቱ ነበርና፣ ልቡ በእምነት እስከረጋ ድረስ እንደማይጠየቅበት በሱረቱ ነሕል ተመልክቷል። ሰማዕት መሆን የሚፈልግ ራሱን ይስጥ፤ የሰውን እናት ሰማዕት ሁኚ ብሎ ከቡና ገበታ ላይ ማዘዝ ግን ከየትኛውም መጽሐፍ አይገኝም።

ስለዚህ በ«ቃሌ» ላይ ያለኝ ፍርድ ይህ ነው። ጽሑፉ በተጻፈበት ቀን ሙሉ ነበር፤ በኋላ የመጣው ፊርማ ከውስጡ አንድ ፊደል አይፍቅም። ጸሐፊዋ በኅዳር 2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው እስከ 2015 ሲያገለግሉ ቃላቸውን አነሣባቸው ሰው ብዙ አልነበረም፤ እኔም አላነሣሁም። ጽሑፉን አውጥቼ ያነበብኩት ግን ያኔ ነው። ሳነበው የታየኝ የሳቸው ወጥነት ሳይሆን የኔ ችኮላ ነበር። የሌላውን ነገር ባለቤቱ «አዎ» እስኪል ድረስ መናገር አልቻልኩም፤ ሳልናገር ፈረድኩ።

ባለፈው የትንሣኤ ማግስት እህቴ ዘንድ ሄጄ «እቴቴ፣ ይቅርታ» አልኳት። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አልጠየቀችኝም። «ግባ፣ ቡናው ሊበርድ ነው» አለችኝ።