ስለ ሰርቨር ሽረትና ሹመት

ከጉና ተራራ ግርጌ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በምትገኘው በደብረ ታቦር ከተማ ዳታቤዝ የሚጠብቅ ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባው ነገር፥ መልስ የነሣው ሰርቨር ሁሉ የሞተ አለመሆኑን ነው። በክረምት ነጎድጓድ ሲበረታ፥ መብራት ሲሄድና ሲመጣ፥ ወይም መንገድ ሲቆፈር ፋይበር ሲበጠስ፥ ሰርቨሩ በክፍሉ ውስጥ ሥራውን በደኅና እያከናወነ ሳለ ከውጭ ለሚጠራው ግን ድምፁ ይጠፋል፤ ጠሪውም የመንገዱን መዘጋት ከሰርቨሩ መውደቅ የሚለይበት አንዳች ምልክት አያገኝም። በዚህ ሙያ ውስጥ ያለውን ጭንቀት ሁሉ የሚያመነጨው ይህ አለመለየት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አውቶማቲክ ፌይሎቨር የምንለው ሥርዓት ከላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ዋናው ሰርቨር የሚጽፈውን ሁሉ ተጠባባቂው ከሥር ከሥር እየተቀበለ ይገለብጣል፤ ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝም እንዲህ ያለውን የማያቋርጥ ቅብብል እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. በወጣው በ9.0 እትሙ ካስገባ ወዲህ ይህን ማሰናዳት ብዙ የሚያደክም አይደለም። ዋናው በወደቀ ጊዜ ተጠባባቂው የሰው ትእዛዝ ሳይጠብቅ በቦታው ይተካል። ጀማሪ ሠራተኛ ትጋቱን ሁሉ በዚህ በመተካቱ ላይ ያውለዋል፤ መተካት ግን በጥቂት ሴኮንድ የምትፈጸም አንዲት ትእዛዝ ናት። ብርቱው ሥራ የቀድሞው ዋና በእውነት ከሥልጣኑ መውረዱን ማረጋገጥ ነው።

እስቲ አንድ ሆስፒታል እናስብ። ከጋይንት፥ ከእስቴና ከፋርጣ የመጡ ሕሙማን ማለዳ በካርድ ክፍሉ በር ተሰልፈው ሳሉ በሁለቱ ሰርቨሮች መካከል ያለው መሥመር ቢቋረጥ፥ ተጠባባቂውም ዋናው ሞቷል ብሎ ራሱን ቢሾም፥ ዋናውም ይህን ሳያውቅ በመንበሩ ቢቀጥል፥ አንዱ መስኮት ለቀድሞው፥ ሌላው መስኮት ለአዲሱ መጻፍ ይጀምራል፤ ሁለቱም ሰርቨሮች ተከታዩን የካርድ ቁጥር ከየራሳቸው ቆጥረው ይሰጣሉና ሁለት በሽተኞች በአንድ ቁጥር ይመዘገባሉ። መሥመሩ ሲመለስ ከሁለቱ መዝገቦች አንዱን ሰርዞ ሌላውን ማጽናት አይቻልም፤ በሁለቱም ውስጥ ያሉት በእርግጥ የታመሙ፥ በእርግጥ የተመረመሩ ሰዎች ናቸውና። አገልግሎቱ ለአንድ ሰዓት ቢዘጋ ሕዝቡ ይጉላላል፤ የአንዱ የደም ምርመራ ውጤት በሌላው ካርድ ላይ ቢሰፍር ግን ነፍስ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ዋና ከሚኖር ለጊዜው አንድም ባይኖር ይሻላል ብዬ በፍጹም ልቤ አምናለሁ።

ይህች ከተማ ራሷ የዚህን ነገር አምሳል በታሪኳ ይዛለች። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ከሰሜንና ከትግሬ ጦራቸውን አስከትተው መጥተው፥ የየጁው ራስ ዓሊ መቀመጫ በነበረችው በደብረ ታቦር በተዋጉ ጊዜ፥ ራስ ዓሊ ጦራቸው ሲፈታ አይተው ሸሹ፤ ደጃዝማች ውቤም ድል አደረግሁ ብለው በድንኳናቸው በደስታ ላይ ሳሉ የራስ ዓሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ደርሰው ማረኳቸው። የሸሹት ጌታ ሥልጣናቸው እንዳልጠፋ አላወቁም፤ ያሸነፉትም ጌታ የተቀናቃኛቸው ኃይል መፍረሱን ሳያጣሩ በዙፋኑ የተቀመጡ መሰላቸው። ለሰርቨሮቻችን የምናቆመው ሥርዓት ይህን የመሰለውን ሰዓት፥ ማለት የወረደው መውረዱን፥ የወጣውም መውጣቱን በርግጥ የማያውቅበትን ሰዓት፥ አስቀድሞ ሊያስብለት ይገባል።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ምልዓተ ጉባኤ ነው፤ ማለት ሹመት የሚጸናው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ የሆኑት ሲስማሙ ብቻ ነው። ሁለት አባላት ብቻ ያሉት ጉባኤ አንዱ ሲጠፋ ከግማሽ በላይ የሚሆን ድምፅ ስለማይቀርለት ሦስተኛ ምስክር ያስፈልጋል፤ ሦስት አባላት የአንዱን፥ አምስት አባላት የሁለቱን መጥፋት ይቋቋማሉ፤ አራት ግን በዚህ ረገድ ከሦስት አይበልጡም። ፓትሮኒ በተባለው መሣሪያ ዋናው ሰርቨር ሥልጣኑን ኢቲሲዲ በተባለው የምስክሮች ጉባኤ ዘንድ በተወሰነ ዕድሜ ይይዛል፤ እንደ ተለመደው አወሳሰን ዕድሜው 30 ሴኮንድ ሲሆን በየ10 ሴኮንዱ ይታደሳል። ማደስ ያቃተው ዋና ጉባኤው አልሰማኝምና ሥልጣኔ አብቅቷል ብሎ መጻፉን በገዛ እጁ ያቆማል፤ ተጠባባቂውም የሚሾመው ዕድሜው ካለቀ በኋላ ነው። ፕሮግራሙ ፈዝዞ ራሱን መሻር ቢሳነው እንኳ ዋችዶግ የተባለው ጠባቂ ማሽኑን በግድ አጥፍቶ ያስነሣዋል። ብዙዎች ዋችዶግን እንደ ትርፍ ነገር ሳያበሩት ያልፋሉ፤ እኔ ግን ያለ እርሱ የቆመውን ሥርዓት ተጠናቋል ለማለት አልደፍርም።

አባላቱን የት እናስቀምጣቸው የሚለው ጥያቄ በእኛ አገር ከሶፍትዌሩ ይልቅ ይከብዳል። ሁለት ሰርቨሮች በአንድ ክፍል፥ በአንድ ትራንስፎርመርና በአንድ ዩፒኤስ ሥር ከሆኑ ሞታቸውም አንድ ነው። ደግሞም በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀትን የመውሰድ ችሎታው ይቀንሳል፤ አሽሬ የተባለው የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ባወጣው መመሪያ መሠረት ለብዙዎቹ ሰርቨሮች የተፈቀደው የ35 ዲግሪ ጣሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ እየቀነሰ ስለሚሄድ በደብረ ታቦር ከፍታ ወደ 29 ይወርዳል። የከተማው ብርድ አታሎን ክፍሉን ብንዘጋው ሁለቱም በአንድነት ይግላሉ። ጄኔሬተሩም በላዩ የተጻፈውን ኃይል በዚህ ከፍታ በሙሉ አይሰጥም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሰርቨሮቹን በዩፒኤስ አስሮ የኔትወርክ ስዊቹን ከግድግዳው ሶኬት ብቻ ማገናኘት ነው፤ መብራት ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሣ ስዊቹ ይጠፋል፥ ተመልሶ ለመነሣትም ከአንድ ደቂቃ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ 30 ሴኮንዱ ግን በዚህ መካከል ያልቃልና ጤነኛው ዋና ያለ በደሉ ይሻራል።

ታዲያ ሦስተኛውን ቅጂ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ብናኖረው፥ እርሱም በራሱ ይሹም ይሻር? ጊትሀብ በተባለው የሶፍትዌር ማኖሪያ ላይ የደረሰው ነገር ለዚህ ትልቅ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ አንድ የኔትወርክ መሣሪያ ሲለወጥ ግንኙነት ለ43 ሴኮንድ ተቋረጠ፤ አውቶማቲኩ ሥርዓት በጉባኤ ድምፅ ሹመቱን ወደ ምዕራባዊው ዳርቻ አዛወረ፤ በምሥራቅ ግን ወደ ምዕራብ ሳይተላለፍ የቀረ የጥቂት ሴኮንድ ጽሕፈት ነበርና ሁለቱን ማስታረቁ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ የተጓደለ አገልግሎት አስከተለ። ጉባኤው ሕጉን አልተላለፈም፤ የሕጉ ስፋት ከመሥመሩ ጽናት በለጠ እንጂ። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ ለባሕር ዳር ደርሶ መልስ አንድ ሚሊሴኮንድ ያህል ይበቃዋል፤ ስለዚህ ርቀቱ ራሱ አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ መሥመሩ ከሰርቨሮቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚወድቅ መሆኑ ነው። በከተማው ውስጥ፥ በተለያዩ ሕንፃዎችና በተለያየ የኃይል ምንጭ ባሉት አባላት መካከል ሹመቱ በራሱ ይሁን፤ ከከተማ ወደ ከተማ የሚሻገረው ሹመት ግን ስልክ ደውሎ፥ ከክፍሉ አጠገብ ያለውን ሰው ጠይቆ፥ የቀድሞው መጥፋቱን ካረጋገጠ ሰው እጅ አይውጣ።

ይህን ሁሉ የሚያጸናው ልምምድ ነው። የምመክረውም ልምምዱ የኃይል ገመድ መንቀል ብቻ እንዳይሆን ነው፤ ኃይል የተነቀለበት ሰርቨር ክርክር የለውምና። የኔትወርኩን ገመድ ንቀሉ፤ ዋናው በሕይወት ሳለ ብቻውን ይቅር፤ መጻፉን በስንት ሴኮንድ እንዳቆመ፥ ተጠባባቂው ከዚያ በኋላ መሾሙንም በመዝገብ አስፍሩ። ገመዱ ሲመለስ የተሻረው ሰርቨር ተጠባባቂ ሆኖ እንዲገባ ፒጂ ሪዋይንድ የተባለው መሣሪያ ከአዲሱ የተለየውን ጽሕፈት ይሽርበታል፤ ከዚያ በፊት ያን ጽሕፈት ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ፥ ሳይተላለፍ የቀረ ካርድ በውስጡ አለመኖሩን አንድ በአንድ ማየት፥ ካለም ለካርድ ክፍሉ ኃላፊ በወረቀት ማስረከብ የዳታቤዝ ጠባቂው ተግባር ነው።