አሮጌዋ በመጨረሻ ትጠፋለች

ደብረ ታቦር ላይ መብራት በሄደ ቁጥር ቀድማ ትዝ የምትለኝ ከቢሯችን ጥግ የተቀመጠች አንዲት አሮጌ ኮምፒዩተር ነበረች። ላይሰንስ ሰርቨር ነበረች። የካርታና የንድፍ ሶፍትዌር የሚከፍት ሁሉ በኔትወርክ ፈቃድ የሚጠይቀው ከእሷ ነበር። የተገዛው ለ10 ሰው ከሆነ 11ኛው አንዱ እስኪዘጋ ይጠብቃል። እሷ ከቆመች ግን ሁሉም ይቆማል። ዲስኳ መንቋቋት ሲጀምር ወደ አዲስ ኮምፒዩተር ማዛወሩ ግድ ሆነ።

ባልደረቦቼ «በቡሄ ዕለት ለምን አታደርገውም? ቢሮው ባዶ ነው» አሉኝ። ነሐሴ 13 ለከተማችን ትልቅ በዓል ነው። እኔ ግን እምቢ አልኩ። ባዶ ቢሮ ውስጥ የተሠራ ዝውውር ጉድለቱ የሚታየው በማግስቱ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ሲጀምር ነው። የምመርጠው የሥራ ቀን ጠዋትን ነው፤ አንድ ነገር ቢሳሳት ወዲያው የሚነግረኝ ሰው አጠገቤ አለ።

የላይሰንሱ ፋይል ከማሽኑ ጋር የታሰረ ነው። እኛ በምንጠቀምበት በፍሌክስኔት የላይሰንስ ሥርዓት ብዙውን ጊዜ ፋይሉ ላይ የሚጻፈው የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር (ማክ አድራሻ) ስለሆነ ፋይሉን ኮፒ ማድረግ አይበቃም፤ ሻጩ በአዲሱ ቁጥር ሌላ ማውጣት አለበት። እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ። አዲሱ ኮምፒዩተር ሁለት ካርድ ነበረው፤ የኬብሉን ቁጥር መላክ ሲገባኝ የዋይፋዩን ላክሁ። የመጣው ፋይል አልሠራም፤ እንደገና ጽፌ እንደገና ጠበቅሁ። አሮጌዋን ስላልነካኋት ማንም ሥራ አልፈታም። አሁን ኬብሉን ነቅዬ የትኛው ካርድ እንደተቋረጠ ሳላይ ቁጥር አልልክም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የሰርቨሩ አድራሻ ነበር። አሮጌዋን የተከሉት ሰዎች በየሠራተኛው ኮምፒዩተር ላይ አይፒ አድራሻዋን ጽፈው ሄደዋል። እንዲህ ሲሆን ሰርቨር በተቀየረ ቁጥር ጠረጴዛ ለጠረጴዛ መዞር ነው፤ ፋርጣ መስክ የወጣው ባለሙያ ደግሞ ላፕቶፑን ይዞ ሄዷል። ስለዚህ በዲኤንኤስ ላይ «ላይሰንስ» የሚል ስም ከፍቼ መጀመሪያ ወደዚያችው ወደ አሮጌዋ አመለከትሁት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁሉንም ኮምፒዩተር ወደ ስሙ አዞርሁ። ኮምፒዩተሮቹ አድራሻውን ሳይጠይቁ የሚያስታውሱበትን ጊዜም ወደ 5 ደቂቃ አወረድሁ። የዝውውሩ ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ አለቀ፤ አንድም ሰው አላወቀም።

ጋፋት ከከተማችን ቅርብ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ ያሠሩትን፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያደረሱት ከፊት ከፊት መንገድ እያስጠረጉ ነው። መንገዱን ቀድሞ መጥረግን ከእሳቸው እማራለሁ። ወደ መቅደላ ሲነሡ ግን ደብረ ታቦርን አቃጥለው ነበር። እኔ የነበርሁበትን አላቃጥልም፤ መመለሻዬ አሮጌዋ ናት።

በዕለቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ስሙን ወደ አዲሱ አዞርሁት። ከዚያ በኋላ ሶፍትዌር የሚከፍት ከአዲሱ ይወስዳል፤ ቀድሞ የከፈተው እስኪዘጋ ድረስ ከአሮጌዋ ጋር ይቆያል። ሻጩ ለጥቂት ቀናት ሁለቱ አብረው እንዲሠሩ በጽሑፍ ፈቅዶልናል፤ ሳይጠይቁ ማድረግ ከገዙት በላይ መውሰድ ነው። አንድ ኮምፒዩተር ብቻ «ሰርቨር አልተገኘም» አለ። የሻጩ ፕሮግራም ከፖርት 27000 ሌላ የራሱን ፖርት ይዞ ስለሚነሣ የዚያ ኮምፒዩተር ፋየርዎል ዘግቶበት ነበር። ፖርቱን የላይሰንሱ ፋይል ላይ ወስኜ ከፈትሁለት።

ማታ የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር ሳየው አሮጌዋ ላይ አንድ ሰው ቀርቷል። ከጉና የሚነሡትን የርብንና የጉማራን ተፋሰስ ካርታ የምትሠራው ባለሙያ ስሌቷን ለሌሊት ትታው ሄዳለች። ሰርቨሩን ባጠፋ ኖሮ የቀኑ ድካሟ ይጠፋ ነበር። ተውኩት። በማግስቱ ጠዋት ካርታዋን አስቀምጣ ዘጋች፤ እኔም አሮጌዋን አጠፋሁ።