የወረቀቱ ጀርባ

ሥዕል ፊደል ላልቆጠረ ሰው መጽሐፉ ነው የሚለው አባባል ዘወትር በበጎ ጎኑ ይነሣል። ይሁን እንጂ መጽሐፍ ሁሉ እውነት እንደማይናገር ሁሉ፣ በርካሽ እየታተመ ለሕዝብ የተበተነ ሥዕልም ሁሉ የሚያንጽ አልነበረም። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚገኙ አንዳንድ ሙዚየሞችና የጥናት ተቋማት፣ አይሁድን ለማስጠላት ሲባል በየዘመኑ የታተሙ ሥዕሎችን በሺህ በሚቆጠር መጠን ሰብስበው ይዘዋል። ወረቀቶቹ ተጠብቀው መቆየት እንዳለባቸው ብዙ አያከራክርም። የሚያከራክረው አቀራረባቸው ነው፤ ለማስጠላት የተሣለ ሥዕል ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ቁጥር የቀድሞ ሥራውን እንደገና ሊሠራ ይችላልና።

የታሪኩ ጅማሬ ከማተሚያ መሣሪያው ጅማሬ ብዙም አይርቅም። ጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስን ካተመ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1475 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በሰሜን ኢጣልያ በምትገኘው የትሬንቶ ከተማ ስምዖን የተባለ ሕፃን ሞቶ ተገኘ። የከተማይቱ አይሁድ ደሙን ለሃይማኖታዊ ሥርዓት ወስደዋል ተብለው በሐሰት ተከሰሱ፤ ከሥቃዩ የተነሣ እንዲያምኑ ተደርገውም ተገደሉ። ወሬውን ከከተማይቱ ቅጥር አሻግሮ ካደረሱት አንዱ ሥዕል ነበር። በእንጨት ላይ ተቀርጾ የታተመው የሐሰት ትርኢት በየአገሩ ተሠራጨ፤ በ1493 በኑረምበርግ የታተመው የሐርትማን ሼደል የዓለም ታሪክ መጽሐፍም ይህንኑ ትርኢት አካተተ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለሕፃኑ ይደረግ የነበረውን የሰማዕትነት አምልኮ የሻረችው በ1965 ነው። ውሸቱ በፍጥነት ታተመ፤ ለመሻር ግን አምስት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠው የኅትመቱ ዋጋና ፍጥነት እንጂ ብልሃቱ አይደለም። የሻምበል አልፍሬድ ድሬፉስ ጉዳይ ፈረንሳይን ለሁለት በከፈለበት ወቅት፣ በ1899 እና በ1900፣ «የአስፈሪዎች ሙዚየም» የተሰኙ ተከታታይ ባለ ቀለም ፖስተሮች በፓሪስ ይወጡ ነበር። ሌንፕቭ በሚል ስም የሚፈርመው ሠዓሊ ድሬፉስንና ለድሬፉስ የቆሙትን ሰዎች፣ የሰው ራስ በአውሬ ገላ ላይ እየተከለ ሣላቸው። ሃምሳ ያህል ከወጡ በኋላ ኅትመቱ በመንግሥት ትእዛዝ ቆመ፤ የድሬፉስ ንጽሕና በፍርድ የታወጀውም በ1906 ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ጥላቻው ራሱን «ሙዚየም» ብሎ ሰይሟል። እንግዲህ ዛሬ እውነተኛው ሙዚየም እነዚያኑ ፖስተሮች ሲሰቅል፣ ከቀድሞው በምን እንደሚለይ የማሳየት ዕዳ አለበት።

ከትላልቆቹ ስብስቦች አንዱ ይህን ዕዳ የተሸከሙት ራሳቸው ተጠቂዎቹ እንደሆኑ ይመሰክራል። በ1942 በአንትወርፕ የተወለዱት የአልማዝ ነጋዴ አርተር ላንገርማን፣ አባታቸውን ጨምሮ ብዙ ዘመዶቻቸውን በናዚዎች አጥተዋል። ከአይሽማን የ1961 የፍርድ ሂደት በኋላ መሰብሰብ የጀመሯቸው ፖስተሮች፣ ፖስት ካርዶችና ረቂቅ ሥዕሎች ከ8,000 በላይ ደርሰው፣ በ2019 ወደ በርሊን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። ዩኒቨርሲቲው ከ1982 ጀምሮ የፀረ አይሁድነት ጥናት ማእከል ያለው በመሆኑ ምርጫው ተገቢ ነው። ወረቀቶቹ የሚያነቡና የሚጠይቁ ሰዎች ባሉበት ተቀመጡ ማለት ነው።

የዚሁ ስብስብ ከፊል በ2017 በፈረንሳይ በካን ከተማ የመታሰቢያ ሙዚየም ለእይታ በቀረበ ጊዜ የተሰጠው ርእስ፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ገዳይ ሥዕሎች፤ ወይም በአውሮፓ የፀረ አይሁድነት ዝገት፣ ከ1886 እስከ 1945» እንደ ማለት ነው። ሁለቱ ሐረጎች አንድ ነገር አይናገሩም። የመጀመሪያው ይጮኻል፤ ሆኖም ጥፋቱን በሥዕሉ ላይ ብቻ ጥሎ አታሚውን፣ ሻጩንና ገዢውን በነጻ ያሰናብታል። ወረቀት እጅ የለውም። ሁለተኛው ሐረግ ዝግ ያለ ቢሆንም ለእውነቱ ይቀርባል። ዝገት በአንድ ቀን አይበላም፤ ብረቱ ሲሰበር ሁሉም ይደነግጣል፣ ውኃው በየቀኑ ሲንጠባጠብ ግን ልብ ያለ ጥቂት ነው።

ይህን በግልጽ የሚያሳየው ፖስት ካርዱ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ በፍራንክፈርት የነበረው ኮልነር ሆፍ ሆቴል፣ አይሁድ የማያስተናግድ መሆኑን እንደ ክብር እየቆጠረ በፖስት ካርድ ያስተዋውቅ ነበር። የእንዲህ ዓይነቱ ካርድ ፊት ስድብ ነው፤ ጀርባው ግን የወዳጅ አድራሻ፣ ቴምብርና የፖስታ ቤት ማኅተም ነው። አንድ ሰው ገዛው፤ ሰላምታ ጻፈበት፤ መንግሥት አደረሰው፤ ተቀባዩም አኖረው። ካርዱን በፊቱ በኩል ብቻ በመስታወት የሚከድን ሙዚየም፣ ተመልካቹ በሠዓሊው ክፋት ተገርሞ እንዲወጣ ያደርገዋል። ጀርባውን ሲያሳየው ግን ተመልካቹ ስለ ገዢው፣ ምናልባትም ስለ ራሱ ይጠይቃል።

ኢትዮጵያዊ ተመልካች ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይናቸው ሲሣሉ፣ ሰይጣንና ይሁዳ፣ ክርስቶስን ያሠቃዩትም ጭምር፣ ብዙውን ጊዜ በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሕፃን ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ማን ክፉ እንደሆነ ያውቃል። የአውሮፓው ካርቱንም አፍንጫውን ለማጉላት ፊትን ወደ ጎን ማዞር ይወዳል። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። በቤተ ክርስቲያኑ ልማድ አንድ ዓይን የሥራ ምልክት ነው፤ በካርቱኑ ዘንድ አፍንጫው የትውልድ ምልክት ነው። ከሥራ ንስሐ ይገባል፤ ከትውልድ ግን መውጫ የለም።

መውጫ የሌለው ሥዕል ወዴት እንደሚያደርስ ምሥራቅ አፍሪካም ታውቃለች። ከ1923 ጀምሮ «ደር ሽቱርመር» ጋዜጣን በኑረምበርግ ያሳትም የነበረው ዩልዩስ ሽትራይኸር፣ በጻፈውና ባሳተመው ጥፋት በ1946 ተሰቀለ። የሩዋንዳውን የዘር ማጥፋት ወንጀል የመረመረው የአሩሻው ዓለም አቀፍ ችሎትም፣ ቱትሲዎችን በጽሑፍና በካርቱን ሲያስጠላ በነበረው «ካንጉራ» ጋዜጣ አዘጋጅ በሐሰን ንጌዜ ላይ በ2003 ፍርድ ሲሰጥ የሽትራይኸርን ጉዳይ አስታውሷል። በ2007 ይግባኝ ሰሚው ችሎት ቅጣቱን ከዕድሜ ልክ ወደ 35 ዓመት ዝቅ ቢያደርግም፣ በጋዜጣው አማካይነት ለዘር ማጥፋት በማነሣሣት የተላለፈበትን ጥፋተኛነት አጽንቷል።

ስለዚህ ከሙዚየም የሚጠበቀው ሥዕሉን መደበቅም፣ በአስፈሪነቱ ተመልካች መሳብም አይደለም። ከእያንዳንዱ ወረቀት ጎን ማን እንዳሳተመው፣ በስንት እንደተሸጠና ለማን እንደተላከ የታወቀው ሁሉ ይጻፍ። በአውሬ ገላ ከተሣለው ድሬፉስ አጠገብም የሰውዬው ፎቶግራፍ ይሰቀል፤ ሥዕሉ የደበቀው እርሱን ነውና። እንዲህ ያለው አቀራረብ ዐውደ ርእዩን የጥቂት ክፉ ሠዓሊዎች መዝገብ ከመሆን ያድነዋል፤ ካርዱን ገዝተው፣ ቴምብር ለጥፈው ለወዳጅ የላኩትን ተራ ሰዎችም ከታሪኩ እንዳያመልጡ ያደርጋል።