ሐኪሙ ከተናገረ በኋላ

እንቆቅልሽ እየተጫወትን ያደግን ሁሉ ሕጉን እናውቃለን። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል። መልሱ ከተገኘ ግን ያ እንቆቅልሽ እዚያው ያበቃል። ነገ ያንኑ ይዞ የሚመጣ ልጅ ይሳቅበታል።

ስለ እብደት የተሠሩ ብዙ ፊልሞችም በዚህ ሕግ ይጫወታሉ። መጀመሪያ ያስፈሩናል፣ ግራ ያጋቡናል፤ መጨረሻ ላይ «ለካ ነገሩ እንዲህ ነው» የሚያሰኝ መልስ ይሰጡናል። አንዳንድ የፊልም አፍቃሪዎች ይህን መልስ አይወዱትም። እብደት ሲብራራ ምሥጢሩ ይሞታል፣ ፊልሙም የክፍል ትምህርት ይሆናል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ያልተብራራ እብደት ማስፈራሪያ ከመሆን አያልፍም ብለው ይከራከራሉ። ሁለቱም ወገኖች አንድ ጥያቄ የዘለሉ ይመስለኛል፤ ማብራሪያው ከተሰጠ በኋላ የታመመው ሰው ወዴት ሄደ? ይህን ጥያቄ ይዘን አራት ፊልሞችን እንመልከት። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የፊልሞቹን መጨረሻ ስለምናገር ያላያችኋቸው ካላችሁ ታገሡኝ።

የመጀመሪያው የአልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ» (1960) ነው። ኖርማን ቤትስ የሚባል ዓይናፋር ወጣት ከዋናው መንገድ ወጣ ያለ አንድ ሞቴል ያስተዳድራል። ከሞቴሉ በላይ ባለው አሮጌ ቤት ከእናቱ ጋር የሚኖር ይመስላል፤ ሲጨቃጨቁም ድምፃቸው ይሰማል። ሰዎች ይገደላሉ። በመጨረሻ እናቱ ከሞተች ብዙ ዓመት እንዳለፋት፣ የእናቱን ልብስ ለብሶ የሚገድለውም ኖርማን ራሱ እንደሆነ ይገለጣል። ከዚያም አንድ የአእምሮ ሐኪም ቆሞ ለተሰበሰቡት ሁሉን ያብራራል። ኖርማን በቅናት እናቱን ገደለ፤ ጥፋቱን መሸከም ሲያቅተው ግማሽ አእምሮውን ለእሷ ሰጥቶ በውስጡ ሕያው አደረጋት ይላል።

ይህ ንግግር ሲያከራክር ኖሯል። አሜሪካዊው ሃያሲ ሮጀር ኤበርት ፊልሙን እጅግ ቢያደንቅም ይህን ትዕይንት አላስፈላጊ ሆኖ አግኝቶታል። እስቲ ሐኪሙን ልብ ብላችሁ አድምጡት፤ በንግግሩ ውስጥ ጥርጣሬ የለም፤ የሚናገርለት ሰውም በክፍሉ ውስጥ የለም። ሂችኮክ ግን ፊልሙን እዚያ አይጨርሰውም። ካሜራው ኖርማን ወደታሰረበት ክፍል ይሄዳል። ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ጀርባውን ለባዶ ግድግዳ ሰጥቶ ተቀምጧል። የእናቱ ድምፅ በውስጡ ይናገራል። እጁ ላይ ዝንብ ታርፋለች፤ አይነካትም። ቀና ብሎ ያየንና ፈገግ ይላል። ሐኪሙ የተናገረው ሁሉ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ያ ፈገግታ ግን በማብራሪያው ውስጥ አልተካተተም። ስለዚህ ማብራሪያው ምሥጢሩን አልገደለውም። ሆኖም በእጃችን የሚቀረው ፍርሃት ብቻ ነው። ለኖርማን ከፊልሙ ሰዎች አንድም የሚያዝንለት አናይም።

ሁለተኛው ብዙዎቻችሁ የምታውቁት የቶድ ፊሊፕስ «ጆከር» (2019) ነው። ፊልሙ ለሁሉም ዕድሜ የሚሆን አይደለም፤ ዋኪን ፊኒክስ በመሪ ተዋናይነት የኦስካር ሽልማት ያገኘበት በመሆኑ ግን ሳይጠቀስ አይታለፍም። እዚህ ቆሞ የሚያብራራ ሐኪም የለም። ማብራሪያው በፊልሙ ሁሉ ተበትኗል፤ አርተር ፍሌክ ሊቆጣጠረው የማይችለው ሳቅ፣ በልጅነቱ የደረሰበት ግፍ፣ የመንገድ ላይ ዱላ፣ በበጀት ቅነሳ የተዘጋ የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ፣ አብሮት የተቋረጠ መድኃኒት። ይህ ዓይነቱ ማብራሪያ ርኅራኄ ያስተምራል። እብደት ከሰማይ ዱብ ያለ ዕዳ ሳይሆን ቤትና ጎረቤት፣ በጀትና መንግሥት ያሉበት ነገር መሆኑን ያሳየናል።

ችግሩ የድምሩ ውጤት ነው። ምክንያቶቹ ሁሉ እንደ ሒሳብ ተደምረው ሽጉጥ ይሆናሉ። ከአዳራሹ ስንወጣ «ሰው ሲያብድ ይገድላል» የሚል ቀመር ይዘን እንወጣለን። እውነታው ሌላ ነው። የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በማንም ላይ ጉዳት አያደርሱም፤ ይልቁንም ጉዳት የሚደርስባቸው እነሱ ናቸው። በጓደኛችሁ ቤት የጓዳው በር የሚዘጋበት ወንድም ወይም እንግዳ ሲመጣ የምትደበቅ እህት ካለች፣ ያ ቀመር ቤተሰቡን ስንት እንደሚያስከፍለው ታውቃላችሁ።

ሦስተኛው ፊልም በዕድሜ ከወላጆቻችን ይበልጥ ይሆናል። የሉተራን ፓስተር ልጅ የነበረው ስዊድናዊው ኢንግማር በርግማን በ1961 የሠራው ነው። የስዊድንኛው ርእስ «በመስታወት እንደሚታይ» እንደ ማለት ሲሆን፣ ከ1ኛ ቆሮንቶስ 13፥12 የተወሰደ ነው። ካሪን የምትባል ወጣት ከሆስፒታል ወጥታ በአንዲት ደሴት ላይ ከአባቷ፣ ከባሏና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ትሰነብታለች። መታመሟ ገና ከጅምሩ ይነገረናል፤ ባሏ ራሱ ሐኪም ነው። የሚፈታ እንቆቅልሽ የለም። ሆኖም ካሪን ከአሮጌው ክፍል ግድግዳ ጀርባ ድምፆች ስትሰማ፣ እግዚአብሔር በዚያ በኩል ይመጣል ብላ በጉጉት ስትጠብቅ፣ በሩ ተከፍቶ የመጣው ግን አስፈሪ ሸረሪት ሆኖ ሲታያት፣ የበሽታውን ስም ማወቃችን አንዳች አይረዳንም። ጩኸቷን ስንሰማ ዝም እንላለን።

የፊልሙ ትልቁ ጥያቄ ግን አባቷ ላይ ነው። ደራሲ ነው። ካሪን የማስታወሻ ደብተሩን ከፍታ ስታነብ፣ በሽታዋ እንደማይድን ጽፎ ታገኛለች። ይህም አይበቃም፤ የበሽታዋን አካሄድ ደረጃ በደረጃ ለመከታተልና ለጽሑፉ ለመጠቀም እንደሚጓጓ ጽፏል። የገዛ ልጁ ለአባቷ የድርሰት ጥሬ ዕቃ ሆናለች። እዚህ ላይ ፊልሙ ወደ እኛ ይዞራል። በወንበራችን ተደላድለን የታመመ ሰው ሲሰቃይ የምናይ፣ አልቅሰን ወይም ስቀን የምንነሣ እኛስ ከዚህ አባት በምን እንለያለን? በኮሜዲዎቻችን ውስጥ ለማሳቅ ብቻ የሚገባውን «ወፈፌ» አስቡት። ስም እንኳ የለውም።

አራተኛው የሮን ሃዋርድ «ኤ ቢዩቲፉል ማይንድ» (2001) ነው። በ1994 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ የሆነው የሒሳብ ሊቅ ጆን ናሽ የታሪኩ ባለቤት ነው። ፊልሙ የመኝታ ክፍል ጓደኛውን፣ የጓደኛውን ትንሽ የእህት ልጅና ምሥጢራዊ ሥራ የሚሰጠውን የመንግሥት ሰው ያሳየናል። ሦስቱንም አምነን እንቀበላለን። የአእምሮ ሐኪሙ ሲመጣ ከናሽ ጋር ሆነን ሐኪሙን እንጠረጥራለን። ሦስቱም በአእምሮው ብቻ ያሉ መሆናቸው ሲነገረን የእኛም ዓለም አብሮ ይፈርሳል። በ«ሳይኮ» ማብራሪያውን ከውጭ ሆነን ሰማነው፤ እዚህ ከውስጥ ሆነን ቀመስነው።

ፊልሙ እንከን የለሽ አይደለም። እውነተኛው ናሽ ይሰማው የነበረው በዋናነት ድምፅ ነው፤ የሚታዩት ሰዎች የፊልሙ ፈጠራ ናቸው። ከባለቤቱ ከአሊሽያ ጋር በ1963 ተፋትተው በ2001 ዳግም መጋባታቸውም ተዘሏል። በፊልሙ መጨረሻ አካባቢ ናሽ አዳዲስ መድኃኒት እንደሚወስድ ይናገራል፤ እውነተኛው ናሽ ግን ከ1970 ወዲህ መድኃኒት እንዳልወሰደ ተናግሯል። ይህ የአንድ ሰው ታሪክ ነው። ማንም ከሐኪሙ ሳይመክር መድኃኒቱን እንዲያቆም ምክንያት አይሆንም፤ «እምነት ካለህ ጣለው» ለሚል ወዳጅም መከራከሪያ አይሆንም።

ይህ ሁሉ እንዳለ፣ አንድ ትዕይንት ፊልሙን ከሦስቱ በላይ ያደርግብኛል። ናሽ በስተርጅናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሳለ አንድ የማያውቀው ሰው መጥቶ ያነጋግረዋል። ናሽ ወዲያው አይመልስለትም። በአጠገቡ ላለ ተማሪ ዞሮ፣ ይህ ሰው ይታይህ እንደሆነ ንገረኝ በሚል መንፈስ ይጠይቃል። ይታያል የሚል መልስ ሲያገኝ ወደ እንግዳው ይመለሳል። ተረታችን «እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው» ይላል። ናሽ ግን ሦስቱ የማይኖሩ ሰዎች እስከ መጨረሻው እየታዩት፣ በየቀኑ የገዛ ዓይኑን መመርመርን ይመርጣል። ስለ በሽታው ሁሉን አውቀናል፤ ስሙንም፣ ምልክቱንም። ይህ ሰው ያን ጉልበት ከየት አመጣው የሚለው ግን ይበልጥ ይገርመናል። እንቆቅልሽ ሲፈታ ያልቃል፤ ምሥጢር ሲታወቅ ይጠልቃል።

ይህ ነገር ወደ ደጃችንም ይመጣል። በአማርኛ አእምሮውን ስለሳተ ሰው «ጨርቁን ጣለ» እንላለን። ወንጌላውያኑ የሚተርኩልን የመቃብር ስፍራው ሰውም ልብስ አልነበረውም። የአገሩ ሰዎች ለእሱ የነበራቸው መልስ ሰንሰለት ነበር። ጌታ ስሙን ጠየቀው። ታሪኩ ሲያበቃ ሰውየው ለብሶ፣ ረግቶ ተቀምጧል፤ ሰዎቹም ፈሩ። ሲጮኽ አውቀውት ነበር፤ ሲረጋ ማን እንደሆነ አላወቁም። ከዚያ ወደ ቤተ ሰዎቹ ተላከ። ማቴዎስ በምዕራፍ 4 ደግሞ ወደ ጌታ የመጡ ሕሙማንን ሲዘረዝር አጋንንት ያደሩባቸውን ከሌሎቹ ሕሙማን ለይቶ ይጠራቸዋል። እኛ ግን አንዳንዴ ሁሉንም በአንድ ቃል እንጠቀልላለን። «ጋኔን ነው» ብለን መጠየቅ የምናቆም አለን፤ «ስኪዞፍሬኒያ ነው» ብለን መጠየቅ የምናቆምም አለን። ቃሉ ትክክል ቢሆን እንኳ ጉብኝታችን በቃሉ ካበቃ፣ ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ቆሞ ከሚናገረው ሐኪም አልተሻልንም።

እንግዲህ ስለ እብደት የሚተርክ ፊልም ስታዩ ማብራሪያው እስኪመጣ ብቻ አትጠብቁ። ከመጣ በኋላ ካሜራው ወዴት እንደሚሄድ ተከታተሉ። ወደ ታመመው ሰው ከቀረበ ፊልሙ ያወቀው ነገር አለ። ከሸሸ፣ የቱንም ያህል ሽልማት ቢያገኝ፣ የሚያውቀው እንቆቅልሽ ብቻ ነው።

ፊልሙ ሲያልቅም ያን ተማሪ አስታውሱ። ከሒሳብ ሊቁ ሕመም አንድ ነገር ላያውቅ ይችላል። ነገር ግን አጠገቡ ነበር፤ ሲጠየቅም ያየውን በእውነት መለሰ። ከእናንተ መካከል አንዱ ነገ በመዘምራን ልምምድ ላይ ወይም በዶርም ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቅ ይሆናል። ሳትስቁ መልሱለት።