ናጋይና ምን በደለች?

በምናባዊ ልብ ወለድ ውስጥ በደረቱ እየተሳበ የሚመጣ ፍጡር ካያችሁ፣ ክፉው እሱ ነው ብላችሁ ገምቱ፤ ብዙ ጊዜ አትሳሳቱም። የቶልኪን ስማውግ (እ.ኤ.አ. 1937) ወርቅ ላይ ተጋድሞ የሚያንኮራፋ ዘንዶ ነው፤ የሮውሊንግ ናጊኒም የጌታዋን ትእዛዝ የምትፈጽም እባብ ናት። ደራሲው ክፋታቸውን ለማሳመን እምብዛም አይደክምም፤ ቆዳቸው ይበቃዋል። እኔ ይኼን ስንፍና እለዋለሁ።

ሌላ መንገድ እንደነበረማ ኪፕሊንግ እ.ኤ.አ. በ1894 ባወጣው «የጫካው መጽሐፍ» አሳይቷል። እዚያ ካ የተባለው ዘንዶ የልጁ የሞውግሊ ወዳጅ ነው። ጦጣዎች ልጁን ጠልፈው ወደ ፍርስራሹ ከተማ ሲወስዱት ድቡና ግስላው እርዳታ የሚለምኑት እሱን ነው። ካ ልጁን ካስፈታ በኋላ ጦጣዎቹ ፊት እየተጠማዘዘ ይደንሳል፤ እነሱም ፈዘው ወደ አፉ ይቀርባሉ። ድቡና ግስላው ራሳቸው ሊከተሉ ሲሉ ሞውግሊ በእጁ ነክቶ ያነቃቸዋል። እንግዲህ አስፈሪና ክፉ ተለያዩ ማለት ነው። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1967 የካርቱን ፊልም ሲያደርገው ግን ካን ምን አደረገው መሰላችሁ? ልጁን አፍዝዞ ሊበላ የሚያደባ፣ ሳይሳካለትም የሚሳቅበት ተንኮለኛ!

ኪፕሊንግንም ቢሆን በነጻ አንለቀውም። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሞንጉስ የሚባለው እባብ ገዳይ ትንሽ አውሬ፣ ሪኪ-ቲኪ-ታቪ፣ ሕንድ አገር በሰፈረ የእንግሊዝ ቤተሰብ ቤት ያድራል። ጠላቶቹ ናግና ናጋይና የተባሉ ኮብራዎች፣ ባልና ሚስት ናቸው። ናጋይና ቤቱ ሰው አልባ እንዲሆን ትሻለች። ለምን? እንቁላሎቿ ሊፈለፈሉ ስለሆነ፣ ልጆቿ ቦታና ጸጥታ ስለሚፈልጉ። እርግጥ ትንሹን ቴዲን ልትነድፍ ተዘጋጅታ ነበር፤ ንጹሕ ናት አላልኩም። ግን እነዚያን እንግሊዞች እዚያ ምድር ላይ ማን አመጣቸው? ታሪኩ አይጠይቅም።

ናግን የቤቱ አባወራ በጠመንጃ ይገድለዋል። ሃያ አምስቱን እንቁላል ደግሞ ሪኪ አንዲት እስክትቀር ይጨፈልቃቸዋል፤ የእባብ ልጅ እፉኝት ነዋ! ናጋይና ያቺን አንዷን በአፏ ይዛ ስትሸሽ ተከትሏት ጉድጓዷ ይገባል። ልጅ ሆኜ ሳነበው እዚህ ላይ እሰይ ብያለሁ፤ ዘንድሮ ስደግመው ግን አልቻልኩም።

ግድያውን ኪፕሊንግ አያሳየንም። ከላይ ቆመን የምናየው የሣሩን መወዛወዝ ብቻ ነው። ከዚያ ሣሩ ቀጥ ይላል፣ ቆይቶም ሪኪ አፈር ለብሶ ብቻውን ይወጣል።