«አመጣጥ» ስለሚለው ቃል

«የዚርኮን ኢሶቶፖች የጐርፍ ባዛልትን አመጣጥ ይገልጣሉ» የሚል ትርጉም ሲቀርብልን፣ «አመጣጥ» ሁለት ጥያቄዎችን በአንድነት ተሸክሞ እናገኘዋለን፤ ይኸውም «መቼ?» እና «ከየት?» የሚሉትን ነው። ሳይንሱ ግን ለይቷቸዋል። በዚርኮን ውስጥ ከዩራኒየም ወደ እርሳስ የተለወጠው መጠን ዕድሜን ይናገራል፤ የሀፍኒየም ኢሶቶፖች ምጥጥን ደግሞ ቅልጡ ዐለት ከማንትል ይሁን ከአሮጌ የምድር ቅርፊት እንደ መነጨ ያመለክታል። የኢትዮጵያን ደጋ ያለበሰው ባዛልት 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል ስንል፣ ምንጩን ገና አልተናገርንም።

ከዚህም በላይ በባዛልት ውስጥ ዚርኮን እምብዛም አይገኝም። በህንድ አገር በደካን እንደ ተደረገው፣ በባዛልቱ ንጣፎች መካከል ከተቀበረ የእሳተ ገሞራ አመድ ይለቀማል። አመዱ የንጣፎቹን ዕድሜ ለመወሰን ይረዳል፤ ምንጫቸውን ግን በራሱ አያስረዳም። «አመጣጥ» ይህን ልዩነት ይሸፍንብናል።

ስለዚህ ዘመን ሲለካ «ዕድሜ»፣ መነሻ ሲፈለግ «ምንጭ» እየተባለ ቢጻፍ ይሻላል እንላለን። «አመጣጥ» ሁለቱም ተመርምረው ታሪኩ በሙሉ ለሚነገርበት ቦታ ይቆይ።